ሰው ሳይሞት የተተከለው ድንኳን

ድንኳኑን ለጠባቂዎቹ ያሰጠሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ሳይናገረው እኔው ልናገረው። ኮሚቴው አይደለም፤ ወረዳው አይደለም፤ ሰነፎች «ዘመኑ ነው» የሚሉት ሰበብም አይደለም። እኔ ወልደሰንበት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ ሰው፣ የሐዲድ ማዶ እድር ጸሐፊ፣ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ቆሜ፣ የተቃወመችኝን ሴት አሳፍሬ፣ እጅ አስወጥቼ አሰጠሁት።

ያን ክረምት ሰፈራችን ሌባ ገብቶበት ነበር። ሰፈራችን አቃቂ ነው፤ ከድሮው ባቡር ሐዲድ ማዶ። የመብራት ሽቦ በጠራራ ፀሐይ ይቆረጣል፤ የፋብሪካ ተረኛ ሴቶች ተሰብስበው ካልሆነ ከቤት አይወጡም። ስለዚህ «ከየሰፈሩ ሰላም ጠባቂ ይመልመል» ሲባል ደስ ያላለው አልነበረም። ሃያ ሰው ተመለመለ። የሁለት ሳምንት ሥልጠና፣ ቢጫ ሰደርያ፣ ዱላ። አለቃቸው የሺዋስ ሆነ፤ ታክሲ ተራ ያስከብር የነበረ፣ ስምንተኛ ክፍል እኔው ያስተማርኩት። መጠለያ እስኪሠራላቸው ድረስ መንገድ መገናኛው ላይ የሚተክሉት ብለው የእድሩን ድንኳን በውሰት ጠየቁ።

በጉባኤው እጇን ያወጣች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ፋጡ ናት። ከወሎ መጥታ ሠላሳ ዓመት ከእኛ ጋር የኖረች፣ ባሏ ሙሀመድሁሴን ከሞተ ወዲህ በርበሬና ቅመም እየሸጠች አንድ ልጇን ያሳደገች። እድራችን ክርስቲያን እስላም ብሎ አይለይም፤ ድንኳኑ ለሁሉም አንድ ነው።

«የለቅሶ ድንኳን ሰው ሳይሞት አይተከልም» አለች። «ሰው ሳይሞት የተተከለ ድንኳን ሰው ይፈልጋል።»

እኔ ተነሳሁ። «ወይዘሮ ፋጡ፣ እኛ የተሰበሰብነው ሌባ ለመያዝ ነው። ሟርት ሌባ አይዝም» አልኩ። ጉባኤው ሳቀ። ሕዝብ ራሱን ካልጠበቀ ማን ይጠብቀዋል ብዬ ሃያ ደቂቃ ተናገርኩ፤ አጨበጨቡልኝ። ፋጡ ሻርፗን አስተካክላ ተቀመጠች። ርክክቡን በእጄ ጻፍኩት፦ ሸራ አንድ፣ አግዳሚ ወንበር ሃያ አራት፣ ምሰሶ ስምንት። ምሰሶዎቹን የጠረባቸው አናጢው ነቢዩ ነው፤ ድንኳን ሲተከል እንዳይምታቱ ብሎ በጋለ ብረት ከአንድ እስከ ስምንት ቁጥር ተኩሶባቸዋል። ያኔ ሥራ ቀዝቅዞበት ነበርና እሱም ቢጫውን ሰደርያ ለብሷል።

የመጀመሪያውን ወር አልዋሽም፤ ሌባው ጠፋ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። በሁለተኛው ወር መታወቂያ መጠየቅ ጀመሩ። ቀጥሎ መታወቂያው ላይ የትውልድ ቦታ የሚለውን መስመር ማንበብ ጀመሩ። ቀጥሎ ስልክ። ሁለት ክላሽም ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መጣ። አንድ ቀን ሳልፍ የድንኳኑ አራቱም ጎን ወርዷል።

ይህን ያላየ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። የለቅሶ ድንኳን አንድ ጎኑ ምንጊዜም ክፍት ነው። የሚገባ ሰው ማንንም እንዳያስፈቅድ ነው ክፍት የሚሆነው፤ ጠላት እንኳ ቢሆን ገብቶ ይቀመጣል። እነሱ አራቱንም ጎን አወረዱት። ሸራው በነፋስ ሲመታ ከውስጥ ሰው የሚተነፍስ ይመስል ነበር። ሰፈርተኛው ሳይነጋገር መንገዱን ቀየረ፤ ዳቦ ለመግዛት በሐዲዱ በኩል ዞሮ ይሄዳል። እኔም ዞሬ ሄድኩ። በመሀሉ ሁለት ሰው ሞተብን፤ ድንኳን ከጎረቤት እድር ተዋስን። የትብብር ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «የእናንተስ የት ሄደ?» ሲሉኝ «እድሳት ላይ ነው» አልኩ።

የፋጡን ልጅ ሙከሚልን የያዙት ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። አይሱዙ ይነዳል፤ ለኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሲሚንቶና አሸዋ ያመላልሳል። መታወቂያው ላይ የተወለደው ኮምቦልቻ ነው ይላል፤ ስልኩ ላይ የአጎቱ ጥሪ አለ፤ አጎት ያለው ደግሞ ወሎ ነው። ይኸው ነው ወንጀሉ። አጎቱ የሌላ አገር ሰው አይደለም፤ ወሎ በካርታችን ላይ ያለ የራሳችን አገር ነው። ይህን ለስምንተኛ ክፍል ልጆች አስተምሬዋለሁ፤ የሺዋስም ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ሰምቷል።

«ለማጣራት ነው» አሏት። ፋጡ ምሳ ዕቃ ይዛ ሄደች። በመጀመሪያው ቀን ተቀበሏት፤ ባዶው ተመለሰላት። በሁለተኛው ቀንም ባዶው ተመለሰላት። በሦስተኛው ቀን ሙሉው ተመለሰላት።

«ለበላይ አካል ተላልፏል» አላት የሺዋስ።

የቱ የበላይ አካል? ፋጡ ጣቢያ ለጣቢያ ዞረች። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ደጃፍ፣ ከጠያቂዎች ጋር ከነምሳ ዕቃዋ ተሰልፋ ዋለች። በር ላይ ያለው ዘበኛ መዝገቡን ሁለት ጊዜ አይቶ «እናቴ፣ ስሙ የለም» አላት። አንድ የጣቢያ ፖሊስ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኛ ያልያዝነውን ከየት እናምጣልሽ?» አላት። ሰውዬው እውነቱን ነው። ዱላውን ለማንም አውሶ የእስረኛውን ቁጥር የማያውቅ አገር ምን ዓይነት ጸጥታ አለው? ሌባ ሲይዝ መዝገብ የለውም፤ ሰው ሲገድልም መዝገብ የለውም። እነዚያ ሃያ ሰዎች ሲመጡ መንግሥት ወደ ሰፈራችን የገባ መስሎኝ ነበር። ለካ የወጣው ያን ቀን ነው።

ሁለት ወር አለፈ። ፋጡ በርበሬ መሸጧን አልተወችም። ሰው ሲጠይቃት «አልመጣም» ትላለች፤ ሌላ ቃል የለም። አልሞተም እንዳትል አታውቅም፤ ሞተ እንዳትል ማን ይነግራታል? ሌላው ሰው ሁሉ ግን ያውቅ ነበር። ድንኳኑ አጠገብ ሲያልፍ እግሩን የሚያፈጥነው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር፤ እንዳላወቅሁ ሆኜ በላሁ፣ እንዳላወቅሁ ሆኜ ተኛሁ።

ነገሩን የፈቱት እማማ አደሴ ናቸው፤ ሳያውቁት።

እማማ አደሴ የእድራችን ትልቋ ሴት ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበርና ለማሠራት ቱሉ ዲምቱ ልጃቸው ዘንድ አምስት ወር ሰነበቱ። ድንኳኑ ሲሰጥ አልነበሩም፤ እዚያ ሳሉም የሰፈሩን ነገር የነገራቸው የለም። አንድ ዓይናቸው ትንሽ በርቶላቸው ሲመለሱ ከሚኒባስ ወርደው መንገድ መገናኛው ላይ ያዩት የእድራቸውን ድንኳን ነው። ድንኳን ታይቶ አይታለፍም። የማን ነው ብሎ መጠየቅ እንኳ ከገቡ በኋላ ነው። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ የወረደውን ሸራ በእጃቸው ገለጥ አደረጉ፣ «ወይኔ! ወይኔ!» እያሉ ገቡና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

ውስጥ አምስት ጠባቂዎች ካርታ ይጫወቱ ነበር። አንዱ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወጣ። ሌላው «እማማ፣ ቤት ተሳስተዋል! እኛ ገና አልሞትንም» አለ። እማማ አደሴ አልሰሙትም፤ አንገታቸውን ደፍተው እያለቀሱ ነበር።

«ማን ነው ልጆቼ? ማን ነው ያረፈው?» አሉ።

ነቢዩ በስተግራ ጥግ ተቀምጦ ነበር። የሆነውን የነገረኝ እሱ ነው። «መምህር» አለኝ፣ «ስንት ጊዜ ያን ድንኳን ተክያለሁ። አሮጊት ገብታ ማን ሞተ ስትል ነጋሪው እኔ ነኝ። ሁልጊዜ እኔ ነኝ። አስቤ አይደለም።»

«የእትዬ ፋጡ ልጅ ነው፣ እማማ» አላቸው።

ካርታው ቆመ። የሚነፍሰው ነፋስ ሸራውን እየመታ፣ እማማ አደሴ ሙከሚልን በስሙ እየጠሩ አለቀሱት፦ ውኃ የቀዳላቸውን፣ ዓይናቸው ሲጠፋ እጃቸውን ይዞ ቤተ ክርስቲያን በር ድረስ ያደረሳቸውን፣ ጫማውን አውልቆ ከበር የሚመለሰውን። ከቀሩት ማንም «ይተዉ» አላለም። ሲጨርሱ ተነስተው፣ በልማዱ መሠረት፣ ወደ ጠባቂዎቹ ዞረው «እግዜር ያጥናችሁ፣ ልጆቼ» ብለው ወጡ።

በቀጥታ ፋጡ ቤት ሄዱ። ፋጡ ምስር እየለቀመች ነበር። እማማ አደሴ አንገቷን አቅፈው «አንቺ ልጅ፣ ከድንኳኑ እንዴት ትጠፊያለሽ? አልቅሼለት መጣሁ፤ ፈልጌ አጣሁሽ» አሏት።

ልጇ መሞቱን የሰማችው እንዲህ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጣች። አላለቀሰችም። እንድትቀመጥ ወንበር ሳብኩላት፤ አልተቀመጠችም።

«መምህር፣ ድንኳን ይተከልልኝ። ሰው ሞቶብኛል» አለች።

አፌ እንደለመደው ቀደመኝ። መተዳደሪያ ደንቡን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ አንቀጽ አሥራ አራትን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ድንኳን የሚተከለው አስከሬን ወይም የሞት ማስረጃ ሲቀርብ ነው። ይህንኑ ማስረዳት ጀመርኩ። ገና አልጨረስኩም።

«ያን ጊዜ ሰው ሳይሞት ሲያስተክሉት ማስረጃ ጠይቀው ነበር?» አለችኝ።

ኮቴን ለበስኩና የርክክቡን ወረቀት ይዤ ወጣሁ።

የሺዋስ ድንኳኑ በር ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጦ ነበር። ሲያየኝ ተነሳ። «ቲቸር! ይግቡ፣ ይግቡ! ምን እግር ጣለዎት?»

«ድንኳኑን ልረከብ ነው የመጣሁት።»

«ማን ሞተ?»

«አንተ ንገረኝ እንጂ።»

ሳቀ። «ቲቸር እንዳሉት፣ ሕዝብ ራሱን እየጠበቀ ነው። ጉባኤው ላይ የተናገሩትን በስልኬ ቀድቼዋለሁ፤ ለአዲስ ምልምል አሰማቸዋለሁ። ኧረ ሲናገሩ እኮ!»

ወደ ውስጥ ገባሁ። ከውጭ ፀሐይ ነበር፤ ውስጡ ግን ብርሃኑ የታመመ ነው፣ ሽታው ደግሞ የእርጥብ ሸራና የሌላ ነገር። እንደ ንብረት ቆጣሪ ምሰሶዎቹን ከነቁጥራቸው መጥራት ጀመርኩ፤ ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። በስተግራ ጥግ አምስተኛዋ ምሰሶ መኖር ባለባት ቦታ የቆመው የውኃ ቧንቧ ብረት ነው።

«አምስተኛዋ የት ሄደች?»

ነቢዩ መሬት መሬት ያያል።

«ተሰብራለች» አለ የሺዋስ።

«በምን ተሰበረች?»

የሺዋስ ተጠጋኝ። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት «እርስዎ» ብሎኛል። «ስማ» አለኝ። «ማንም አልሞተም። ድንኳኑ የእናንተ ነው፤ ውሰደው። ግን ፋጡ በር ላይ ከተከልከው ሰው ሞቷል ማለትህ ነው። ሞቷል ካልክ ገዳይ አለ ማለትህ ነው። ይህን ጽፈህ ትፈርማለህ? ፊርማ ታውቅበት የለ።»

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወጣሁ። የተናደድኩት በእሱ ይመስለኝ ነበር፤ ሐዲዱን ስሻገር ግን ንዴቱ ወዴት እንደሚሄድ አወቅሁት። ለፋጡ «ወደ በርሽ ላመጣው አልቻልኩም» ስላት በርበሬዋን እየሰፈረች ነበር። እንዳቀረቀረች መለሰችልኝ።

«አታምጡት። እዚያው ይቁም። እኔ እሄዳለሁ፤ ልጄ ያለቀው እዚያ ነው።»

የእድሩ ለፋፊ ጥሩምባ ለመንፋት ፈራ። አልፈርድበትም። በየበሩ ዞረው የነገሩት እማማ አደሴ ናቸው፤ አንድ ዓይናቸው ብቻ እያየ፣ በከዘራ። «እሑድ በአራት ሰዓት የፋጡ ለቅሶ ነው» ይላሉ፤ ሌላ ምንም አይሉም።

እሑድ ማንም አይመጣም ብዬ ነበር። ፋጡ ከፊት ሄደች። ጠባቂዎቹ በሩ ላይ ቆመው ነበር። አላየቻቸውም። የፊቱን ሸራ ሽቅብ ጠቅልላ በገመድ አሰረችው፤ ጥጉ ድረስ ፀሐይ ገባ። ከዚያ በአምስተኛዋ ምሰሶ ቦታ ከቆመው ብረት አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። እማማ አደሴ ተከተሉ። እኔ መዝገቤን ታቅፌ ገባሁ። ለረጅም ጊዜ ሦስታችን ብቻ ነበርን። ከዚያ የባቡር ጡረተኞቹ መጡ፤ ነጭ ጋቢ የለበሱ አራት ሽማግሌዎች። ከዚያ የፋብሪካ ሴቶች። ከዚያ የወሎ ነጋዴዎች፣ ሼሁም አብረው። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ወንበር ጠፍቶ ሰዉ ይቆም ጀመር። ጠባቂዎቹ ውጭ ቀሩ። ለቅሶ እንዴት ይበተናል? ያንን አላሠለጠኗቸውም። የሺዋስ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ጥላ ሥር ቆሞ ስልክ ይደውላል፣ ይዘጋል፣ ይደውላል።

በእድራችን ልማድ ለቅሶ ላይ ስም ይጠራል። መዝገቡን ከፈትኩ። ጉልበቴ ላይ አስደገፍኩት። ከአንድ ቁጥር ጀምሬ ጠራሁ። «አለሁ።» «አለሁ።» ያን ድንኳን ለሦስት ወር ሲሸሽ የከረመ ሰው ሁሉ፣ ስሙ በተጠራ ቁጥር፣ ጮክ ብሎ «አለሁ» ይላል። የሺዋስም አባል ነው፤ ከአባቱ የወረሰው። ድምፄ መንገዱን እንዲሻገር ከፍ አድርጌ ጠራሁት። ስልኩን ከጆሮው አወረደ። ሁለተኛ ጠራሁት። «ቀሪ» ብዬ ጻፍኩ፤ እርሳሴ ወረቀቱን ቀደደው።

«ነቢዩ» አልኩ።

ቀና ብዬ ሰዉን አየሁ።

«ነቢዩ!»

«አለሁ» አለ ከኋላ።

ሰደርያውን አልለበሰም። በማዳበሪያ ጆንያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር በትከሻው ተሸክሟል። ሰዉ መንገድ ከፈተለት። ፋጡ ፊት ተንበርክኮ መሬት ላይ አስቀመጠውና ጆንያውን ፈታ። ምሰሶ ናት። በጋለ ብረት የተተኮሰው አምስት ቁጥር እንዳለ ነው። አልተሰበረችም።

«አቃጥል ብለውኝ ነበር» አለ። «የገዛ እጄ ሥራ ናት፤ አልቻልኩም። ወንዙ ዳር ቀበርኳት። እኔ አልመታሁትም፣ እትዬ ፋጡ። ግን ነበርኩ። እየሰማሁ ነበርኩ። እሱን በመኪና ነው የወሰዱት፤ የት እንደሆነ ወላሂ አላውቅም።»

ክርስቲያን ነው፤ ወላሂ ያለው ለእሷ ብሎ ነው። ፋጡ ቁጥሩን በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ጣቷን በእንጨቱ ላይ ወደ ላይ አስኬደችው፤ ከጫፉ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ። እንጨቱ እዚያ ላይ ጠቁሯል። ሻርፗን ከራሷ አወለቀችና ያንን ቦታ ሸፈነችው። ያኔ ነው የጮኸችው።

ሼሁ ተነስተው አስከሬኑ ለሌለ ሰው የሚሰገደውን ሰላት አሰገዱ። እኛ ቆመን ጠበቅን። እኔ መዝገቡን ገልጬ ከሟቾች ገጽ ላይ «ሙከሚል ሙሀመድሁሴን» ብዬ ጻፍኩ፤ «ማስረጃ» በሚለው ዓምድ ሥር ደግሞ «አምስተኛዋ ምሰሶ»። ፈረምኩበት። ፊርማ አውቅበታለሁ።

ነቢዩ በዚያው ቀን፣ እማማ አደሴ ድንኳኑ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ነግሮኝ ሲያበቃ፣ ከነሚስቱ ጠፋ፤ ቤቱ ተቆልፎ ተገኘ። ሸሽቶ ይሁን ተወስዶ አናውቅም፤ ስሙን ስጠራ ድምፅ የለም፤ «ቀሪ» ብዬ ለመጻፍ ግን እጄ እምቢ ይለኛል፤ ባዶውን እተወዋለሁ። የሺዋስ አሁንም አለቃ ነው። ከድንኳን ወደ ቆርቆሮ ኮንቴይነር ተዛውረዋል፤ ኮንቴይነር ገልጦ የሚገባ አሮጊት የለም። እኔን ሁለት ጊዜ ጠርተው መዝገቡን አምጣ ብለውኛል። ጠፋ አልኳቸው። የት እንዳለ እዚህም አልጽፍም።

ድንኳኑ ተመለሰልን። ሦስት ጊዜ አጠብነው። ምሰሶው ሰባት ነው፤ አምስተኛዋ ፋጡ ቤት ከበሩ ኋላ ቆማለች። ኮሚቴው አዲስ እናስጠርብ ሲል ተነስቼ ተከራከርኩ፤ በዚህኛው ክርክር ማንም አላጨበጨበም፤ ግን ምሰሶው ሳይጠረብ ቀረ። ስለዚህ ድንኳናችን በተተከለ ቁጥር ግራ ጥጉ ይረግባል፤ ሸራው እዚያ ላይ ወደ መሬት ጎንበስ ይላል። በዚያ በኩል አትቀመጡ የሚል ደንብ የለንም። የሚቀመጥም የለም።

ባለፈው ወር ከባቡር ጡረተኞቹ አንዱ አረፉ። ድንኳኑ ሞልቶ ሳለ ከኮዬ ፈጬ የመጣ እንግዳ ገባና ግራ ጥጉ ላይ ባዶ ወንበር አይቶ ወደዚያ ሄደ። እማማ አደሴ ከዘራቸውን ዘርግተው አቆሙት።

«ልጄ፣ እዚያ ሰው አለ» አሉት።

እንግዳው ባዶውን ወንበር አየ። ከዚያ ይቅርታ ጠይቆ ውጭ ቆመ።